አረጋውያንን ስንረዳ ካሜራው ይቅር ወይስ ይኑር? (ክርክር፣ ሐዋሳ፣ አቶቴ)

የእድሩ ጸሐፊ፦ የሰፈራችን ወጣቶች ለእንቁጣጣሽ ለአቅመ ደካማ አረጋውያን ዘይትና ዱቄት ሲያድሉ ቀርጸው ቲክቶክ ላይ ለቀዋል። እድሩ ለገና ብር ሊጨምርላቸው አስቧል፤ አንዳንድ አባላት ግን «ካሜራ ካለ ሰባራ ሳንቲም አይወጣም» ብለዋል። እናንተስ?

ባለባጃጁ፦ ካላዩ ማን ይሰጣል? መቄዶንያን እዩ። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. ሲጀምር ማን ያውቀው ነበር? ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ይጦሩበታል። በ2017 ለሕንጻው ማስጨረሻ በሰይፉ ፋንታሁን ዩቲዩብ በቀጥታ ሲለመን ያ ሁሉ ብር የገባው ሕዝቡ አይቶ ነው።

ሲስተር፦ ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። ዘይት የተሰጣቸው እናት ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ ሲያደርጉ የሚቀርጸው ልጅ «እማማ፣ ወደዚህ ይዩ፣ ዘይቱን ከፍ ያድርጉት» ይላቸዋል። አምስት ሊትር ነው! ጣቶቻቸው በቁርጥማት ተቆላምመዋል። እንደምንም አነሱት። ከዚያ ደግሞ ምርቃት ይጠበቅባቸዋል፤ መረቁ። ለቅሶ ሲኖር ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱ ሴት እኮ ናቸው።

ጡረተኛው መምህር፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። «ድሀ ካልሆነ በቀር» የሚል አላየሁበትም። ዘይት ተይዞ የሚጠየቅ ፈቃድ ደግሞ ፈቃድ አይባልም።

ባለባጃጁ፦ ጋሼ፣ ሕጉስ ልክ ነው። ነገ «ብሩ የት ገባ?» ሲባሉ ልጆቹ ምን ያሳዩ?

ጡረተኛው መምህር፦ ደረሰኝ! እድሩ ይህን ሁሉ ዓመት ድንኳንና ብረት ድስት ሲገዛ ቪዲዮ ጠይቀነው እናውቃለን? የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከሆነም በ2011 በወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 መሠረት ለአስተዳደር ከገቢው ከ20 በመቶ በላይ ማውጣት አይችልም። እሱን ጠይቅ።

አንድ የአቶቴ ነዋሪ፦ ዱቄቱን አሳዩ፣ ፊት አታሳዩ። በቃ።

ሲስተር፦ ፊት መሸፈኑ ጥሩ ነው፤ የኔ ጭንቀት ግን ሌላ ነው። የግፊት ኪኒናቸውን ወር እንዲያደርሳቸው ለሁለት እየሰበሩ የሚውጡ አሉ። እነሱ የሚፈልጉት በየሳምንቱ ብቅ ብሎ ግፊታቸውን የሚለካ፣ ቡና አፍልቶ አብሯቸው የሚጠጣ ሰው ነው። ይሄ ለቪዲዮ አያምርም፣ ላይክ አያመጣም፤ ስለዚህ የሚሠራው የለም። ካሜራውን የጠላሁት የሚቀረጸውን እርዳታ ብቻ ስለሚያስለምደን ነው። ዘይትማ በዓመት በዓል ይመጣል፤ ከበዓል እስከ በዓል ያለውስ?

የእድሩ ጸሐፊ፦ ሲስተርዬ፣ የግፊት መለኪያ ስንት ያወጣል? እሑድ ለስብሰባው ላቅርበው።

ባለባጃጁ፦ ለሚለካው ሰው ማመላለሻው በኔ፣ በነጻ። ልጆቹ ግን ከኪሳቸው ነው ያወጡት፤ ይሄንንም ጻፉላቸው። ካሜራው ተከልክሎ ለገና መዋጮው ቢጎድል ደግሞ አደራ፣ እኔ ጋ እንዳትመጡ።