ጎሳሪን ለጾም ልብላው ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት ደቡብ ኮሪያ፣ ጂሪ ተራራ ግርጌ ነው። የቤት አከራዬ፣ አሮጊት እናት ናቸው፣ ሁዳዴ እየጾምኩ መሆኔን ሲያውቁ አንድ ፌስታል ሙሉ ጎሳሪ ከተራራ ለቅመው ሰጡኝ። ፈርን የሚባል፣ አበባ የሌለው ቅጠላማ ተክል ቡቃያ ነው፤ ጫፉ እንደ ሕፃን ጡጫ የተጠቀለለ፣ ፀጉራም ነገር። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ካንሰር ያመጣል ይላል፣ እሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን በልተውታል። ቅዳሜ ደግሞ አብረን እንልቀም ብለውኛል። ምን ትላላችሁ?

የሱዎን ልጅ፦
እህቴ፣ በጥሬው እንዳትቀምሺው! እስኪለሰልስ ቀቅለሽ ውሃውን ድፊው፣ ከዚያ ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፊውና ውሃውን መላልሰሽ ቀይሪ። የመጀመሪያው ውሃ ሻይ መስሎ ይወጣል፣ አትደንግጪ። በነጭ ሽንኩርት፣ በሰሊጥ ዘይትና በአኩሪ አተር ሶስ ጠበስ ስታደርጊው እንደ ሥጋ ይታኘካል፤ እኔ በእንጀራ አቅርቤው ጓደኞቼ ሥጋ መስሏቸው «ጾም ፈታህ እንዴ?» አሉኝ።

አግሮኖሚስቱ፦
የካንሰሩ ነገር ወሬ አይደለም። ፕታኩሎሳይድ የሚባል መርዝ አለው፤ ከብት አብዝቶ ከበላው ደም ይሸናል። ቫይታሚን ቢ1ንም የሚሰብር ነገር አለበት። መቀቀሉና መዘፍዘፉ አብዛኛውን ያስወግዳል፣ ድሮ አመድ ይጨምሩበት የነበረውም ለዚሁ ይጠቅማል (ዛሬ ቤኪንግ ሶዳ ነው)። ሙልጭ ብሎ ይጠፋል ግን አልልሽም። ኮሪያዎቹም ቢሆኑ በቢቢምባፕ (አትክልት በላዩ የሚደረግበት ሩዝ) ላይ ትንሽ ጣል ያደርጉታል፣ ለሙት አያቶች በሚዘረጋው የበዓል ማዕድ ላይ ያቀርቡታል እንጂ እንደ ጎመን ድስት ሙሉ አይበሉትም። አልፎ አልፎ ብዪው።

ተራራ ወዳጅ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ቅዳሜ ነው። ጂሪ ተራራ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ እዚያ መልቀም ክልክል ነው። ከፓርኩ ውጭም የሰው ተራራ ላይ ያለ ፈቃድ ከለቀምሽ በሕጉ እስከ 5 ዓመት እስር ወይም እስከ 50 ሚሊዮን ዎን ቅጣት አለ፣ «የውጭ አገር ሰው ነኝ» አያድንም። መሬቱ የማን እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቂያቸው። ስትለቅሚ ለስላሳውን ጫፍ በጣትሽ ቀንጥሺ፣ ሥሩን አትንኪ። ጄጁ ደሴት ላይ «ጎሳሪ ዘጠኝ ወንድማማች ነው» ይላሉ፤ ሲቀነጠስ ደጋግሞ ስለሚያቆጠቁጥ። ቢሆንም ቅጠሉን የዘረጋውን ተዪው፣ ሥሩ የሚመገበው በእሱ ነው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ጠየቅኳቸው፤ የሚለቅሙት ባለቤታቸው ከተቀበሩበት ከራሳቸው መሬት ነው። ውሃውም እውነትም ቁርጥ ሻይ!