ጭንቅላቱን በጥቁር ጨርቅ የሸፈነው ሳይንቲስት፣ የፊልሙን ስም የሚያውቅ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። ልጅ ሆኜ ጎረቤት ቤት ያየሁት ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። አንድ ሳይንቲስት ሙከራው ይበላሽበትና ጭንቅላቱን በጥቁር ጨርቅ ይሸፍናል። አይናገርም፤ ለሚስቱ እየጻፈ ነው የሚያስረዳት። እሷ ዝንብ ፍለጋ ቤቱን ታምሳለች። ከ12 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ጋር ላየው አስቤ ነበር። ይከብደው ይሆን?

የፊልም ሱሰኛ፦ «ዘ ፍላይ» ነው፣ በፈረንጆች የ1958ቱ። ሰውየው ዕቃን ከአንድ ሳጥን ወደ ሌላው በቅጽበት የሚያሻግር ማሽን ይሠራል። መጀመሪያ የላከው ዕቃ ላይ ያለው ጽሑፍ ተገልብጦ ወጣ። ቆይቶ የቤቱን ድመት ላከ፤ እሷ በዚያው ቀረች፣ ድምጿ ብቻ ተሰማ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! ራሱ ሲገባ ዝንብ አብራው ገባች፤ ጭንቅላታቸውና አንድ እጃቸው ተቀያየረ። ሚስቱ የምትፈልገው ያችን ባለ ነጭ ጭንቅላት ዝንብ ነው። እሷ ካልተገኘች መመለሻ የለውም።

ሙሌ፦ ትንሽ እርማት፣ እህቴ። ፊልሙ ባለ ቀለም ነው። ጥቁርና ነጭ የነበረው የጎረቤቶችሽ ቴሌቪዥን ነው፣ ሃሃ። ጥቁርና ነጭ የሆነው የ1959ኙ ተከታይ ነው፤ እሱ ግን የሳይንቲስቱ ልጅ ካደገ በኋላ ያለውን ነው የሚያሳየው።

የልጆች እናት፦ ስትፈልጊው ዓመቱን እይ። በዚሁ ስም የዴቪድ ክሮነንበርግ የ1986ቱ አለ፣ ጄፍ ጎልድብለም የሚተውንበት። በሜካፕ ኦስካር አግኝቷል። ጥፍር ይነቀላል፣ ጆሮ ይወድቃል። እኔ ሳላውቅ ምሳ ላይ ከፍቼው እንጀራዬን ትቼ ተነሳሁ። ለልጅ በፍጹም!

የፊልም ሱሰኛ፦ ለአዋቂ ግን የ1986ቱ ይበልጣል ባይ ነኝ። እዚያ ሰውየው የሚለወጠው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ጉልበት ሲጨምር ተሳካልኝ ብሎ ይፈነድቃል። እኔን ያስፈራኝ ያ ደስታው ነው።

የልጆች እናት፦ የ1958ቱም ሁለት ቦታ ይከብዳል፤ መጀመሪያ ላይ ፋብሪካው ውስጥ ያለው መጭመቂያ ማሽንና መጨረሻው ላይ የሸረሪት ድሩ። አጠገቡ ሁኚ። ልጁ ፈሪ ከሆነ የ1933ቱን «ዘ ኢንቪዚብል ማን» አስቀድሚ። የሚሰውረው መድኃኒት ሰውየውን ያሳብደዋል፣ ግን የሚያስቅም አለው።

ጠያቂዋ፦ አየነው፣ ተባረኩ። ሸረሪቷ ስትመጣ ዓይኔን የጨፈንኩት እኔ ነኝ። እሱ ስለ ዝንቡም ስለ ሰውየውም ግድ አልሰጠውም። እስካሁን የሚጠይቀኝ «ድመቷስ የት ሄደች?» እያለ ነው።