ሐሮሴት ደሴ ላይ በምን ይሠራል? ምራቴ ለፋሲካ ልትመጣ ነው

የሆጤዋ መምህርት
መጋቢት 8

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደሴ ነው፣ ከሆጤ። 31 ዓመት አንደኛ ደረጃ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ምግብ ሥራ አስቸግሮኝ አያውቅም። ዶሮውም ድፎውም በእጄ ነው። አሁን ግን ዓይቼው የማላውቀውን ነገር ልሠራ ተነስቻለሁና እርዱኝ።

ልጄ ዓምና አገባ። ምራቴ የጎንደር ቤተ እስራኤል ልጅ ናት። ተወልዳ ያደገችው ግን እስራኤል፣ ነታንያ ነው። አሁን ሁለቱም አዲስ አበባ ይሠራሉ። ዘንድሮ፣ በ2018፣ የአይሁድ ፋሲካ የሚገባው መጋቢት 23 ማታ ነው። ልጅቷ ያንን ማታ ከእናቷ ተለይታ አሳልፋ አታውቅም። «ደሴ፣ እማዬ ጋ እናክብረው» ያለችው ራሷ ናት። ልጄ ሲነግረኝ ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። ደስታው አላናገረኝም።

ማጻ የሚባለውን ቂጣና ወይኑን ከአዲስ አበባ ይዘው ይመጣሉ። አንድ ነገር ግን እኔ ሠርቼ ልጠብቃት እፈልጋለሁ። ሐሮሴት ይሉታል። ልጄ እንደነገረኝ ከፍራፍሬና ከለውዝ የሚሠራ ጣፋጭ ነው፤ መልኩ ጭቃ ይመስላል። እስራኤላውያን በግብፅ ባርነት ያቦኩትን ጭቃ ለማስታወስ ነው አለኝ።

አሠራሩን በአማርኛ የጻፈ ሰው አግኝቼ አነበብኩ። አንዳንዱ ነገር ግን አልገባኝም። «ለውዝ» ይላል። እኛ ጋ ለውዝ ማለት ቆልተን ለቡና ቁርስ የምናቀርበው ነው። እሱ ነው? ወይንስ ሌላ? ደግሞ «ውቀጪው» ይላል። ሙቀጫዬ የእናቴ ነው፤ በዕድሜዬ ሙሉ ገብስም ስንዴም ሲወቀጥበት አውቃለሁ። በዚህ በዓል እርሾ ያለበት ነገር ቤት አይገባም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እና እጄን የት ላድርግ? ቅቤስ ይገባበታል? ሁዳዴ ላይ ነኝ። የጾም ከሆነ አብሬያት እበላለሁ፤ ካልሆነም ሠርቼ አቀርብላታለሁ።

እሷን እንዳልጠይቃት «አትልፊ እማዬ» ነው የምትለኝ።

ቡና በረሖቮት
መጋቢት 8

እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ምራትዎ ዕድለኛ ናት።

እኔም የጎንደር ልጅ ነኝ። ወደ እስራኤል የመጣነው በሰሎሞን ዘመቻ፣ ግንቦት 1983 ነው። ያኔ ልጅ ነበርኩ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርዎትና ጭንቀትዎ ይቅለልዎት። የእኔ እናት ጎንደር እያለች ሐሮሴት የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። የምራትዎ አያቶችም አያውቁም። አባቶቻችን በኦሪት ነው የኖሩት። ሐሮሴት ኦሪት ላይ የለም፤ በኋላ ዘመን ሊቃውንቱ ያቆዩት ነው፣ በሚሽና፣ በሊቃውንቱ የሕግ መጽሐፍ፣ ውስጥ ይገኛል። እናቴ የምታስታውሰው ፋሲካ በግ የሚታረድበት፣ ቂጣ የሚጋገርበት፣ አሮጌው ሸክላ ተሰባብሮ በአዲስ የሚተካበት ነው። ሐሮሴትን የለመድነው እዚህ ከመጣን በኋላ፣ ከጎረቤት ነው። ስለዚህ እርስዎም ከጎረቤት ቢማሩ ያው የኛው መንገድ ነው።

ልኩ ይህ ነው የሚባል አንድ አሠራር የለውም። ከአውሮፓ የመጡት በፖም፣ በዋልነት፣ በቀረፋና በቀይ ወይን ይሠሩታል። ከኢራቅ የመጡት ተምሩን ቀቅለው፣ በጨርቅ አጥልለው፣ እንደ ማር እስኪወፍር ያነጥሩትና ዋልነት ይነሰንሱበታል። የየመኖቹ ተምርና ዘቢብ ላይ ሰሊጥ፣ ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ ይጨምራሉ። እናቴ የተማረችው ከየመናዊት ጎረቤታችን ነው። ቅመም ስላለው ለእኛ አፍ የሚቀርበው እሱ ነው። እርስዎም ቢሠሩት የምመክርዎት እሱን ነው፤ ፖም ጨምረው።

ለውዙን በተመለከተ፣ ያነበቡት ኦቾሎኒ አይደለም። የአሮን በትር ያፈራችው ለውዝ ነው፣ የዛፍ ፍሬ። ኦቾሎኒ የባቄላና የአተር ዘመድ ስለሆነ ከአውሮፓ የመጡት ብዙዎቹ በፋሲካ አይነኩትም። ሌላው ይበላዋል። ሰሊጥም እንደዚሁ እንደየቤቱ ነው። ሌላውን ይደብቋት እንጂ ይህችን አንዷን ምራትዎን ይጠይቋት።

የሚፈራው ስንዴ፣ ገብስና የእነሱ ወገን ነው። ስለዚህ የእናትዎ ሙቀጫ ይረፍ። አዲስ መክተፊያና አዲስ ቢላ ይበቃዎታል። እንዲያውም በቢላ ሲከተፍ ጥርስ ላይ ይገኛል፤ እኔ እሱን ነው የምወደው። ቀረፋውን የተፈጨ አይግዙ። ወፍጮ ቤትም እንዳይወስዱት፣ እዚያ የስንዴ ብናኝ አይጠፋም። ልጡን ገዝተው ቤት ይፈርፍሩት። ተምሩን አንድ በአንድ ከፍተው ውስጡን ይዩ። ፍሬውን ለማውጣት ብቻ አይደለም፤ ትል የገባበት አይበላም።

ወይኑን ከሱቅ እንዳይገዙ፤ ካሸር፣ ማለት በአይሁድ ሥርዓት የተፈቀደ፣ መሆን አለበት። ሌላውን ሁሉ አዘጋጅተው ይጠብቋትና ወይኑን እሷ ካመጣችው ላይ በእጇ ትጨምርበት።

ቅቤ የለውም፣ ወተትም የለውም። አብረው ይበላሉ።

የቦርከና ዳር ነጋዴ
መጋቢት 9

መምህርት ሰላም ለርስዎ ይሁን። ኮምቦልቻ ነው ያለሁት፣ ቅመምና ደረቅ ፍራፍሬ እሸጣለሁ። በምችለው ላግዝ።

ተምር አሁን ረመዳን ስለሆነ በየሱቁ ሞልቷል። እኔ ግን ኢድ እስኪያልፍ ቢታገሱ እላለሁ፤ የሚፈልገው ሰው ሲቀንስ መርጠው ይገዛሉ። በኪሎ የሚሸጠው ደረቅ ተምር ማደር ይፈልጋል፣ ማታ ነክረው ጠዋት ነው የሚሠራ። በካርቶን የሚመጣው ለስላሳው ግን ለብ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ለዚህ ሥራ ለስላሳው ይሻላል፣ ልጣጩ አፍ ላይ አይቀርም።

እህታችን ያለችው ለውዝ እኛ በንግድ አፍ አልሞንድ የምንለው ነው። እኔ አልይዘውም። አዲስ አበባ አለና ልጅዎ ይዞ ይምጣ። ዘቢብ የታሸገውን ይግዙ፣ ግን በሞቀ ውሃ ይጠቡት፤ እንዳይጣበቅ ዘይት የሚቀቡት አለ። ቀረፋ ሲገዙ ሰብረው ያሽትቱ። ሳይሰበር የሚሸት ሁሉ ጥሩ አይደለም፣ ከሌላ ቅመም ጋር ውሎ ሽታ የወሰደ ይኖራል።

አብሽሩ፣ ያምራል።

ቡና በረሖቮት
መጋቢት 9

የረሳሁት አለ። ቅመሙ ለጣዕም ብቻ አይደለም። ታልሙድ ላይ፣ ሚሽናን በሚያብራራው መጽሐፍ፣ ሐሮሴቱ ወፈር ይበል፣ ለጭቃው መታሰቢያ ይላል። ኮምጠጥም ይበል፣ ለፖሙ ዛፍ። የእስራኤል ሴቶች ግብፅ ውስጥ ከፖም ዛፍ ሥር ይወልዱ ነበር የሚል ትውፊት አለና። ቅመሙ ደግሞ ለገለባው ነው። ቀረፋና ዝንጅብሉ ጭረት ጭረት ብሎ እንዲታይ የሚያደርጉት ለዚህ ነው፤ እንዲደቅ አይፈልጉትም።

የሆጤዋ መምህርት
መጋቢት 14

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም።

«ለገለባው ነው» የሚለውን ሳነብ ተነስቼ መጽሐፍ ቅዱሴን አወጣሁ። ዘጸአት ምዕራፍ 5። ፈርዖን ለጡብ ሥራ ገለባ አትስጧቸው፣ ራሳቸው ይሰብስቡ፣ የጡቡ ቁጥር ግን አይጉደል ያለበት። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጭካኔው ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ ግን አሁን ነው። ጭቃ ያለ ጭድ ምን እንደሚሆን አውቃለሁና።

ያደግኩት ገራዶ፣ ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ክረምት ሲወጣ ግድግዳውን ያስለስን ነበር። አፈሩ ይቆለላል፣ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፣ ውሃ ይገባል፣ እኛ ልጆቹ ገብተን በእግራችን እንረግጠዋለን። ከዚያ ይተዋል። ቀናት ቆይቶ ሲሸት ነው ደረሰ የሚባለው። ጭዱ ካነሰ ግድግዳው በደረቀ በሳምንቱ ይሰነጣጠቃል። አባቴ እፍኝ ጭቃ አንስቶ ግድግዳው ላይ ይመርገዋል። ከያዘ ልስኑ ይጀመራል። ከተንሸራተተ ውሃ በዝቶበታልና «ጨምሩ፣ እርገጡ» ይለናል።

ዛሬ ለሙከራ ሠራሁ። ተምሩን ያመጣችልኝ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ናት። ነገሩን ስነግራት ከረመዳን የተረፋትን አንድ ካርቶን ይዛ መጣች፤ ልክፈል ብላት ተቆጣችኝ። ቁጭ ብለን አብረን ከፈትነው። ከግማሽ ኪሎ ውስጥ አራት መጥፎ አገኘን። ውስጡ እንደ ጥላሸት የጠቆረ ዱቄት አለው። በውጭ ሲያዩት ግን ከሌላው አይለይም።

የመጀመሪያው አልሆነልኝም። ተምሩ የተነከረበት ውሃ ጣፋጭ ስለሆነ መድፋቱ አሳዘነኝና መልሼ ጨመርኩት። እንደ ቀጭን ሽሮ ሆነ። በሁለተኛው ተምሩን ጨመቅ አድርጌ፣ በማንኪያ ብቻ እየጨመርኩ ሄድኩ። ከዚያ አንድ ማንኪያ አንስቼ የሳህኑ ጠርዝ ላይ መረግኩት፣ እንደ አባቴ። ያዘ። አልወረደም። ቀረፋውን በጥፍሬ ቀጫጭን አድርጌ ሰንጥቄ ስነሰንስበት ያው የገራዶ ግድግዳ ሆኖ ታየኝ።

ጾም ነውና እስከ 9 ሰዓት አልቀምስም። የቀመሰችው ጎረቤቴ ናት። «ዝንጅብሉ አንሶታል» አለች። ጨመርኩ። ማታ ስቀምሰው ልክ ነበረች።

አዲስ ሙሽሪት
መጋቢት 15

እማማ እባክዎ ልኩን ይጻፉልን። ለበዓል ባይሆንም ለጾም ልሠራው ነው።

የሆጤዋ መምህርት
መጋቢት 25

ልጄ፣ ዘገየሁብሽ፤ እንግዶቼን ስቀበል ነው። ለስምንት ሰው የሠራሁት ይህ ነው። ግማሽ ኪሎ ለስላሳ ተምር፣ አንድ እፍኝ ዘቢብ፣ አንድ እፍኝ አልሞንድ፣ ሁለት ኮምጠጥ ያለ ፖም፣ የአውራ ጣት ያህል እርጥብ ዝንጅብል፣ የቀረፋ ልጥ፣ ቁንዶ በርበሬ በሁለት ጣት ቆንጠር። ሰሊጥ ምራቴ «እናቴ አትጨምርም» ስላለች ተውኩት። ፖሙን መጨረሻ ላይ ክተፊው፣ ቶሎ ይጠቁራል። ለጾም ከሆነ በወይኑ ቦታ ማር አታድርጊ፣ ከልክ በላይ ይጣፍጣል። ሎሚ ጠብ አድርጊበት።

ረቡዕ ከሰዓት ጎድጓዳውን ሳህን ከድኜ ጠረጴዛ ላይ አኑሬ ነበር። ምራቴ ክዳኑን ከፈተችው። ምንም አላለችም። ጎንበስ ብላ አሸተተች። ከዚያ ሻንጣዋን ከፍታ ወይኑን አወጣችና ግማሽ የቡና ስኒ ያህል በማንኪያ በማንኪያ ጨመረች፤ እያማሰለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ለእናቷ በቪዲዮ ደወለች። በዓሉ ከገባ በኋላ ስልክ አይነኩም። እናቷ ሳህኑን አስጠግታ እንድታሳያት አደረገች። «ቀረፋው ለምን አልተፈጨም?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ ጭዱ ነገርኳቸው። እሳቸውም ልጅ ሆነው ወለቃ ጭቃ ይረግጡ እንደነበር አጫወቱኝ፤ ለሸክላ። ሁለታችን ስለ ጭቃ ስናወራ ፀሐይ ልትጠልቅ ደረሰች። መጀመሪያ የተዋወቅነው ያኔ ነው ብል ይቀለኛል። ሠርጉ ላይ ሰላምታ ብቻ ነበርና።

የማታው ትረካ የሚከፈተው በልጅ ጥያቄ ነው። ትንሹ ተነስቶ ይህ ሌሊት ከሌላው ሌሊት ሁሉ ለምን ተለየ ብሎ ይጠይቃል። የ9 ዓመቷ የልጅ ልጄ ነበረች የጠየቀችው፤ ምራቴ በአማርኛ ጽፋ ሰጥታታለች። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች እንዲጠይቁ ስለምን የኖርኩ ሰው ነኝ። የጥያቄ ቦታ ያለው ማዕድ እንዲህ ቀርቤ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ተራው ደረሰ። ማጻውን ቆረሰች፣ መሃሉ ላይ የሰላጣውን ግንድ፣ ያንን መራራውን፣ አደረገች፤ ሐሮሴቱን ቀባችበትና መጀመሪያ ለእኔ ዘረጋችልኝ። ማጻው ደረቅ ነው፣ ይሰበራል። ሰላጣው ይመራል። ከዚያ ተምሩ ይመጣል፣ ዝንጅብሉ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። «እማዬ፣ እንዴት ነው?» አለችኝ። አፌ ሞልቶ ስለነበር እጇን ያዝኩ።

የቦርከናው ወንድሜ፣ ቀረፋው ያልከው ዓይነት ነው፤ ሰብሬ አሽትቼ ገዛሁ። የረሖቮቷ ልጄ፣ የምራቴ እናት ስልክሽን ይፈልጋሉ፤ ፈቃድሽ ከሆነ በግል ጻፊልኝ።

ሳህኑ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ያህል ተርፎ ነበር። ዛሬ ጠዋት ለጎረቤቴ ወሰድኩላት። ዝንጅብሉ አሁን በቅቶታል አለች።