ክርክር፦ ለፈረስ ዝላይ ብሔራዊ ቡድን እናዘጋጅ ወይስ ይቅርብን?

የታቦር ሥር፦ ትናንት ሐዋሳ ጉዱማሌ አጠገብ ቡና ላይ የጀመርነውን እዚህ እንጨርሰው። ኢትዮጵያ ለኦሊምፒክ የፈረስ ዝላይ ቡድን ማዘጋጀት አለባት ባይ ነኝ። በአፍሪካ የኛን ያህል ፈረስ ያለው አገር የለም። ነገሥታቱ ራሳቸው በፈረስ ስም ነበር የሚጠሩት፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ግብፅ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ቡድን ይዛ ቀርባለች። እኛስ ምን ጎደለን?

የጋሪው ልጅ፦ ፈረሱ ነዋ ወንድሜ! አባቴ ባጃጅ ሳይመጣ በፊት እዚሁ ሐዋሳ በጋሪ ነው ያሳደገን። የኛ ፈረስ ጠንካራ ነው፣ ዳገት አይፈራም፣ ጥቂት በልቶ ብዙ ይሠራል፤ ቁመቱ ግን በአብዛኛው 1 ሜትር ከ40 አይሞላም። የኦሊምፒክ መሰናክል እስከ 1 ሜትር ከ65 ይደርሳል። ስለዚህ ፈረስ ከአውሮፓ ልንገዛ ነው ማለት ነው። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ በቡድን ነሐስ አገኘች፤ እሷ ግን ፈረስ የምትገዛበት ገንዘብ አላት። እኛ ጋ ያረጀ የጋሪ ፈረስ ጀርባው እንደቆሰለ አስፋልት ዳር ይጣላል፣ ማታ ጅብ ይበላዋል። በልጅነቴ አይቼዋለሁ፣ እስካሁን ያመኛል። ብር ካለ መጀመሪያ ለነሱ ሕክምና ይዋል።

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦ ሁለታችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ። ደቃቅ ተናካሽ ዝንብ ነው የሚያስተላልፈው፣ ቫይረሱም 9 ዓይነት ነው። ክትባት ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ግን ለሁሉም ዓይነት የሚሆን አይደለም። ከውጭ የመጣ፣ በሽታውን የማያውቅ ፈረስ ከተያዘ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። የኛን ፈረስ ወደ ውጭ መላክም እንዲሁ ከባድ ነው። ደቡብ አፍሪካ እንኳ ያን ሁሉ የሠለጠነ ፈረስ ይዛ በዚሁ በሽታ ምክንያት ወደ አውሮፓ በቀጥታ መላክ ለዓመታት ተከልክላ ቆይታለች። የኳራንቲን ነገር ቀልድ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ሲካሄድ፣ እኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፍንበት ማለቴ ነው፣ የፈረሱ ውድድር ስቶክሆልም ነው የተደረገው፤ አውስትራሊያ ፈረሶቹን አላስገባም ብላ።

የታቦር ሥር፦ እሺ፣ ታዲያ ልጆቹን አውሮፓ ልከን እዚያው ይሠልጥኑ፣ ፈረሱም እዚያው ይሁን።

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦ አንድ ልጅ እንዲህ ሊወጣ ይችላል፣ ቡድን ግን አይወጣም። ድሮ አራት ጋልበው የመጥፎው ውጤት ይጣል ነበር። ከቶኪዮ ወዲህ ሦስት ናቸው፣ የሦስቱም ይቆጠራል። አንድ አግዳሚ ከወደቀ 4 ነጥብ ቅጣት ነው፣ አንዱ ፈረሰኛ ከወደቀ ደግሞ የቡድኑ ነገር አለቀ። ፈረሱም ለኦሊምፒክ ቢያንስ 9 ዓመት ሊሞላው ይገባል፣ ከጋላቢው ጋር የሚግባባውም በዓመታት ነው። ሦስት እንዲህ ያሉ ጥንዶች፣ በዚያ ላይ ተጠባባቂ፣ በአንድ ወቅት ማድረስ አለብህ።
እኔ የምለው፣ ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ፈረስ ማጓጓዝ ለማይችሉ አገሮች የሚያዘጋጀው ውድድር አለ። ሁሉም በየአገሩ፣ በራሱ ፈረስ፣ በአንድ ዓይነት ሜዳ ላይ ይዘላል፤ ዳኛው ነው የሚመጣው። ከፍታው ከ1 ሜትር ገደማ ይጀምራል። ብሔራዊ ቡድን ከተባለ እዚያ ይዘጋጅ።

የታቦር ሥር፦ አንድ ሜትር? አድዋ የዘመተ ፈረሰኛ ልጅ አንድ ሜትር ዘለለ ብለን እናውራ?

የጋሪው ልጅ፦ ለምን አናወራም? በዚህ እኔም አለሁ፣ የኛው ፈረስ የሚሠራበት ነገር ስለሆነ። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ ያየ ሰው ጋላቢ የለንም አይልም። አንድ ነገር ግን ቃል ይገባልኝ። ምልመላው ሲጀመር ሐኪሙና ክትባቱ ከኮርቻው በፊት ይምጣ፣ ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ሜዳ አይግባ።

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦ ቃሌ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አግዳሚ የሚሆን እንጨት አመጣለሁ። አንተ ፈረሱን አምጣ፣ መጀመሪያ ጀርባውንና ኮቴውን አየዋለሁ፣ ከዚያ በ50 ሴንቲ ሜትር እንጀምራለን።