«ቀሪው ማሟያ ነው» ስለተባለው የብራያን ኢኖ ሥራ

ሰንበሌጥ፦ ባለሸክላው ትናንት «ብራያን ኢኖን ለማወቅ ለሚፈልግ» ብለው ለቡድናችን ያቀረቡትን ምክር አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። እንደ እርሳቸው አባባል ከእንግሊዛዊው ሙዚቀኛ አልበሞች «አናዘር ግሪን ወርልድ»፣ «ሚዩዚክ ፎር ኤርፖርትስ»፣ «ኦን ላንድ» እና «አፖሎ» ይበቃሉ፤ «ቀሪው ማሟያ ነው»። እ.ኤ.አ. በ1973 ሮክሲ ሚዩዚክ ከተባለው የሮክ ባንድ ከወጣ ጀምሮ ለብቻውም ከሌሎች ጋርም ያለማቋረጥ የሠራ ሰው በአራት ሸክላ ተጠቅልሎ ሲሰጠን አሜን ብለን እንድንቀበል ነው የተፈለገው። ከሁሉ በላይ ያበሳጨኝ ደግሞ በ1975 የወጣው «ዲስክሪት ሚዩዚክ» ከዝርዝሩ መጥፋቱ ነው። እርሱ ባይቀድም ኖሮ ከአራቱ ቢያንስ ሦስቱ ከየት ይመጡ ነበር?

ባለሸክላው፦ ሰንበሌጥ፣ ምክሩን የጻፍኩት እንደ እርስዎ ሁሉንም ለሰማ ሳይሆን ሥራ ውሎ ማታ አንድ ሰዓት ለምታተርፍለት ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በ1993 በወጣው «ኔሮሊ» ጀምር ብንለው፣ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት በሚቀረው በዚያ አንድ ነጠላ ሥራ ውስጥ በአምስተኛው ደቂቃ የሰማውን በሃምሳኛውም ደቂቃ እዚያው ያገኘዋል፤ ሁለተኛ አምቢየንት፣ ማለትም ከበስተጀርባ ሆኖ አካባቢውን የሚሞላ ሙዚቃ፣ የሚባል ነገር ደጃፍ አይደርስም። «ዲስክሪት ሚዩዚክ»ን በተመለከተ ደግሞ ኢኖ ራሱ ለአልበሙ በጻፈው መግለጫ ላይ ሥራው የታሰበው ሮበርት ፍሪፕ በኮንሰርት ላይ ጊታሩን ለሚጫወትበት መደብ እንዲሆን እንደነበር ገልጿል። «ማሟያ» መባሉ ካስቆጣዎት መጀመሪያ ደራሲውን ይቆጡ።

ሰንበሌጥ፦ ከመግለጫው የሚጠቅምዎትን መርጠው አነበቡ እንጂ እዚያው ላይ ያለውን የአደጋውን ታሪክ ዘለሉት። በ1975 መጀመሪያ መኪና ገጭቶት አልጋ ላይ ሳለ አንዲት ወዳጁ የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የበገና መሰል መሣሪያ፣ የሀርፕ ሙዚቃ ሸክላ አመጣችለት። እንደ ምንም ተነሥቶ ሸክላውን ካስቀመጠ በኋላ ተመልሶ ሲተኛ ድምፁ እጅግ ዝቅ ማለቱን፣ ከሁለቱ የስቴሪዮ መስመሮችም አንዱ ጨርሶ አለመሥራቱን ያስተውላል፤ ዳግም ለመነሣት አቅም ስላልነበረው ሙዚቃው ከዝናቡ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ በግማሽ ሲሰማው ቆየ። ሙዚቃን የሚሰማበት አዲስ መንገድ የተገለጠለት በዚህ መሆኑን እየነገረን «ማሟያ» ብሎ ማለፍ ድፍረት ነው።

ጆሮ ጠቢ፦ ሁለታችሁም አልበሞቹን እንደ ዘፈን ስብስብ ስለምትቆጥሩ ነው የማትግባቡት። ማሟያ የሚባለው ሙሉ ነገር ኖሮ ጎደሎው ሲሞላ ነው፤ እዚህ ግን የተሠራው ዘዴ ነው፣ አልበሙ ደግሞ ዘዴው አንድ ጊዜ ሲሮጥ የተቀዳው ናሙና ነው። በ«ሚዩዚክ ፎር ኤርፖርትስ» ሁለተኛ ክፍል ላይ የሰው ድምፅ የተቀዳባቸው የቴፕ ቀለበቶች ርዝመታቸው የተለያየ በመሆኑ አንዱ በየ23 ሰከንድ ተኩል፣ ሌላው 26 ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ሌላው ደግሞ በ30 ሰከንድ ገደማ እየተመለሱ ስለሚመጡ፣ አንድ ጊዜ የሰማነው አገጣጠም ተመልሶ የሚመጣበት ጊዜ የአድማጩን ዕድሜ ሊያስረጅ ይችላል። ርዝመቱን የወሰነው ሙዚቃው ሳይሆን ዕቃው ነው፦ «ዲስክሪት ሚዩዚክ» ግማሽ ሰዓት የሆነው የሸክላው አንድ ገጽ ከዚያ በላይ ስለማይችል፣ በ1985 የወጣው «ተርስዴይ አፍተርኑን» 61 ደቂቃ የሆነው ደግሞ ሲዲ ስለመጣ ነው። በ2017 «ሪፍሌክሽን» በአልበምነት 54 ደቂቃ ሆኖ ሲወጣ፣ በስልክ መተግበሪያነት የወጣው ግን ማብቂያ የለውም። ስለዚህ ዕቃው በተለወጠ ቁጥር ሐሳቡ ምን ያህል እንደሚዘረጋ ለማየት ሁሉንም በቅደም ተከተል መስማት የግድ ነው።

ባለሸክላው፦ ጆሮ ጠቢ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ናሙና ከሆነ አንዱን የቀመሰ ሁሉንም ቀመሰ፤ እኔ ያልኩትን በረጅሙ አረጋገጡልኝ።

ጆሮ ጠቢ፦ አንዱ ዘዴ አይደለም እኮ የምልዎት! የቴፕ ቀለበት፣ በ1996 በፍሎፒ ዲስክ የወጣው የኮምፒዩተር ሥራ እና በ2008 ከፒተር ቺልቨርስ ጋር የሠራው «ብሉም» የተባለው የስልክ መተግበሪያ የተለያዩ ዘዴዎች ናቸው።

የሌሊት ፈረቃ፦ እኔ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ንጋት የምሠራ ሰው ነኝ፤ «ኔሮሊ»ንም የማውቀው እንደ ባለሸክላው ሰዓት እየቆጠርኩ አይደለም። ኢኖ በ1978 አምቢየንት ሙዚቃ ትኩረት የሚስብ የመሆኑን ያህል ችላ ሊባል የሚችልም መሆን እንዳለበት ጽፏል። ችላ እንዲባል የተሠራን ነገር ችላ ብለን ስናበቃ «ምንም አልሆነበትም» ብሎ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው። በሃምሳኛው ደቂቃ እዚያው መገኘቱ ለእኔ ዓይነቱ ሠራተኛ ዋናው ነገሩ ነው፤ በመሐል ከበሮ ቢገባበት የምጽፈውን መዝገብ አበላሽ ነበር።

ባለሸክላው፦ ችላ የሚባል ከሆነ ታዲያ ሃምሳ አልበም ለምን ያስፈልጋል? ችላ ለማለት አንዱ አይበቃም ወይ?

ሰንበሌጥ፦ ይህን ጥያቄ «ኦን ላንድ»ን መርጦ የሚያወድስ ሰው ሲጠይቅ መስማት ያስቃል። በ1982 ለወጣው ለዚያ አልበም በተጻፈው ማስታወሻ ላይ ኢኖ የአዕዋፍ፣ የእንቁራሪትና የነፍሳት ድምፅ ብቻ ሳይሆን ቀደም ሲል የሠራቸውን የራሱን ሥራዎች ሁሉ እንደ ግብዓት እንደተጠቀመ፣ አሮጌው ሥራ በአዲሱ ውስጥ እየተፈጨ፣ ያም መልሶ በሌላው ውስጥ እየተፈጨ እንደሄደ፣ አሠራሩም ብስባሽ እንደማዘጋጀት እንደሆነ ገልጿል። እንግዲህ እርስዎ ከአራቱ ምርጦች አንዱ ያሉት አልበም የተሠራው «ማሟያ» ብለው ከጣሉት ነገር ነው። ሌላውን ያልሰማ ሰው በ«ኦን ላንድ» ውስጥ የተቀበረውን በምን ያውቀዋል?

ባለሸክላው፦ ብስባሽ ለማሳ ይጠቅማል ማለት ብስባሹን ለእንግዳ አቅርቡ ማለት አይደለም።

ቃኚ፦ ጉንጭ አልፋ ክርክር ነው የያዛችሁት። በዐቢይ ጾም በገና እየሰማ ላደገ ሰው፣ አንድ ነገር ደጋግሞ በዝግታ መምጣቱ ከእንግሊዝ አገር የሚመጣ ግኝት አይደለም። አሥሩ አውታሮች ከእንዚራው ጋር እየነዘሩ አየሩን ሲሞሉ አምቢየንት ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ጆሮ ጠቢ፦ ቃኚ፣ ይህን አልቀበልም። በገናውን የሚደረድረው ሰው የሚጸልየው በቃል ነው፤ ቃሉም እንዲሰማለት እንጂ ችላ እንዲባልለት አይፈልግም። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ቀስ ማለታቸው ብቻ ነው።

ቃኚ፦ አያቴ እንዝርቷን እያሾረች ነበር የምትሰማው፤ ችላ ማለቷ ነበር ወይስ መጸለይዋ፣ እርስዎ ይፍረዱ። ለማንኛውም ስለ ኢኖ ከተነሣ፣ እናንተ የምትቆጥሩት ግማሹ የእርሱ ሥራ አይደለም። «አምቢየንት» ተብለው በተከታታይ ከወጡት አራት አልበሞች ሁለተኛው ላይ በ1980 ፒያኖውን የተጫወተው ሃሮልድ በድ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ሦስተኛው፣ «ዴይ ኦፍ ሬዲያንስ»፣ በኒው ዮርክ ዋሽንግተን ስኩዌር ፓርክ ሲጫወት ያገኘው የሙዚቀኛው የላራጂ አልበም ነው፤ ኢኖ ፕሮዲውሰር ነበር። «አፖሎ»ም ቢሆን ወንድሙ ሮጀር እና ዳንኤል ላንዋ አሉበት። በአንድ ሰው ስም የተከመረውን ክምር ከማሰስ በፊት የማን እንደሆነ መለየት አይቀድምም?

ሰንበሌጥ፦ ላራጂን የጠራሁት እኔ አይደለሁም፤ ግን ከተነሣ፣ የ«ዴይ ኦፍ ሬዲያንስ» የመጀመሪያ ገጽ ዚተር በተባለ ጠፍጣፋ የአውታር መሣሪያ የሚመታ ፈጣን ሙዚቃ ስለሆነ አምቢየንት ማለት እንቅልፍ ማለት ነው ለሚሉ ሁሉ ጥሩ መልስ ነው። በዝርዝር የሚመራ ሰው ይህን መቼም አይደርስበትም።

የሌሊት ፈረቃ፦ እኔም በዚህ እስማማለሁ። በ2012 የወጣውን «ላክስ» ቱሪን አጠገብ ላለው የቬናሪያ ቤተ መንግሥት አዳራሽ ከተሠራ ሥራ እንደመነጨ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ስልኬ ላይ ከፍቼ «ባዶ ነው» ብዬ አልዘጋውም ነበር። አንዳንዱን አልበም ቦታው ካልታወቀ መፍረድ አይቻልም።

ጆሮ ጠቢ፦ ቃኚ የስም ጉዳይ ካነሡ፣ ኢኖ ፕሮዲውስ ያደረጋቸውንም መቁጠር አለብን፤ የዘፋኙን የዴቪድ ቦዊን «ሎው» የተባለ አልበም ያለ እርሱ ማሰብ አይቻልም።

ቃኚ፦ የ1977ቱ «ሎው» ፕሮዲውሰሮች ቦዊ ራሱ እና ቶኒ ቪስኮንቲ ናቸው። ይህን ስሕተት በየቦታው ማንበብ ሰልችቶኛል። የቪስኮንቲን ስም ለምን ትበላላችሁ?

ጆሮ ጠቢ፦ «ያለ እርሱ ማሰብ አይቻልም» ነው ያልኩት። እዚያው አልበም ላይ ያለውን «ቫርሻቫ»ን ከቦዊ ጋር የደረሰው ማን ነው?

ቃኚ፦ «ፕሮዲውስ ያደረጋቸውን» ካሉ በኋላ ነው «ሎው»ን የጠሩት፤ ከላይ ተጽፏል፣ ሁሉም ያነበዋል።

ባለሸክላው፦ እናንተ በቪስኮንቲ ስትጣሉ በግል ሦስት ሰዎች አራቱን አልበሞች ጠይቀውኝ ልኬላቸዋለሁ። ዝርዝሩ እንዳለ ይቆያል። ሰንበሌጥ አምስተኛ ካልጨመርኩ የማይለቁኝ ከሆነ «ተርስዴይ አፍተርኑን»ን እጨምራለሁ፤ «ዲስክሪት ሚዩዚክ»ን ግን አልጨምርም፣ ሁለተኛው ገጹ ላይ የጥንቱን የጀርመን ደራሲ የፓሄልቤልን ካኖን የሚያንገላታበት ክፍል ስላለ።

ሰንበሌጥ፦ ያንገላታው በዘዴ ነው! ተጫዋቾቹ ከተጻፈላቸው ላይ የየራሳቸውን ቁራጭ ይዘው ፍጥነታቸው እየተለያየ ስለሚሄድ ነው ዜማው የሚበተነው። ይህንንም «ማሟያ» ካሉት፣ አልበሙን በመጀመሪያው ገጽ ላይ አቁመውት እንደነበር ነው የምረዳው።

ባለሸክላው፦ ሁለቱንም ገጽ ሰምቻለሁ፤ ያልኩትንም ያልኩት ስለሰማሁ ነው።