የፒክአፕ ካሶኒ ላይ የሚታሰር ሐዲድ፦ በብየዳ ወይስ በቡሎን?

ፓምፕ ጠጋኙ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የመስኖ ፓምፕ ጥገና ነው፤ ዛሬ ቆቦ፣ ነገ ጊራና፣ ከነገ ወዲያ ቃሉ ነኝ። መኪናዬ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት። ካሶኒዋ ላይ 110 ኪሎ የሚመዝን ጄኔሬተር፣ 70 ኪሎ ገደማ የሚሆን ፓምፕ፣ የመፍቻ ሣጥንና ሁለት ጀሪካን ቤንዚን አይጠፋም። አንዳንድ ጊዜ ባለ 6 ሜትር የፕላስቲክ ቱቦም ይጨመራል።

ባለፈው ሳምንት ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ አንዲት በቅሎ ድንገት መንገድ ገባች። ፍሬን ያዝኩ። በቅሎዋ ተረፈች፤ ጄኔሬተሩ ግን የናይለን ገመዱን በጥሶ መጣና የጋቢናውን የኋላ መስታወት አደቀቀው። ረዳቴ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ ሐዲድ አልጠይቃችሁም ነበር።

አሁን ከፈረሰ መኪና የወጡ ሁለት የአልሙኒየም ሐዲዶች ገዝቻለሁ። በካሶኒው ግራና ቀኝ ጎን የሚታሰሩ ናቸው፤ መሃላቸው ላይ ቦይ አለ፤ በቦዩ ውስጥ የማሰሪያ መንጠቆ እየተንሸራተተ በተፈለገበት ቦታ ይጠብቃል። አንድ በያጅ «በአንድ ሰዓት በይጄ እሰጥሃለሁ» ብሎኛል። ልስጠው? ጀሪካንና አካፋስ ሐዲዱ ላይ ማንጠልጠል ይቻላል? ቱቦውንስ ከጋቢናው ፖርቶ መጋላ እስከ ካሶኒው ድረስ ባስረው ምን ይለኛል?

ብረት ቀጥቃጭ (ኮምቦልቻ)፦
እንኳን አላህ አተረፋችሁ፤ አብሽር። ያ በያጅ ወይ ሐዲዱን አላየውም፣ ወይ አንተን አይቶሃል። አልሙኒየም ከብረት ጋር በተራ ኤሌክትሮድ አይጋባም። ሐዲዱ ብረት ቢሆን እንኳ የካሶኒው ላሜራ ስስ ስለሆነ ትበሳዋለህ፤ ከጀርባ ያለው ቀለም ይቃጠልና ክረምት ሲገባ ከውስጥ ይዝጋል። ከሥርህ ደግሞ የነዳጅ ታንከር አለ። እኔ የብየዳ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ፤ ለዚህ ሥራ ግን ቡሎን ነው የምመክርህ።

ዋናው ነገር ሐዲዱ ሳይሆን ሐዲዱ የተያዘበት ነው። ጠንካራ ሐዲድ በስስ ላሜራ ላይ በሮንዴላ ብቻ ከታሰረ፣ ጭነቱ ሲጎትተው ቡሎኑ ላሜራውን ቀድዶ ይወጣል። ስለዚህ ካሶኒው ላይ ላሜራው የታጠፈበትን ወይም ከጀርባው ድጋፍ ያለበትን ቦታ ፈልግ። ከጀርባ ደግሞ ውፍረቱ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ የመዳፍ ያህል የሚሰፋ ብረት ቆርጠህ አስገባ፤ ኃይሉን አከፋፍሎ የሚይዘው እሱ ነው። ቡሎኑ 8 ሚሊ ሜትር ሆኖ ራሱ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ደረጃ ቁጥር ያለበት ይሁን። ሐዲዱ መጀመሪያ የነበረውን ቀዳዳ ሁሉ ተጠቀምበት፤ ሁለቱን ጫፍ ብቻ ይዘህ መሃሉን አትተው።

በትራፓኖ ከመብሳትህ በፊት እጅህን ከጀርባ አስገብተህ ዳስስ። በአንድ በኩል የቤንዚን መሙያው ቱቦ ያልፋል፤ የኋላ መብራት ሽቦም አለ። የተበሳውን ሁሉ አንቲረስት ቀባው። በአልሙኒየሙና በብረቱ መካከል ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ስስ ጎማ አድርግ፤ ሁለቱ ሲነካኩና ውኃ ሲያገኙ አልሙኒየሙ ይበላል።

ኤንትሬ (ወልድያ)፦
ልጄ፣ እኔ በወጣትነቴ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይዤ ድልብን ወጥቼ ጋሸና ስገባ ሐዲድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጭነትም አልጣልኩም። ገመዱን የበጠሰው ጄኔሬተርህ አይደለም፤ በመካከል የተውከው ባዶ ቦታ ነው። ከካሶኒው የፊት ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ለመንደርደሪያ ስፍራ አያገኝም ነበር። ከባዱን ነገር ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ አስደግፈህ፣ ዝቅ አድርገህ፣ መሃል ላይ አስቀምጠው። ክፍተት ከቀረ እንጨት ሰካበት። ገንዘብህን ለሐዲድ ከምታወጣ ለመስታወቱ ብታውለው ይሻል ነበር።

ቀያሽ (ደሴ)፦
በጋሼ ሐሳብ ግማሹን እስማማለሁ። ግድግዳው ወደ ፊት የሚሄደውን ይይዛል፤ ወደ ጎን የሚሄደውንና ወደ ላይ የሚዘለውን ግን አይዝም። ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው ቁልቁለት ደግሞ 600 ሜትር ያህል የሚያወርድ፣ ጥምዝምዙ የበዛ መንገድ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የአውሮፓው የጭነት አስተሳሰር ደረጃ (ኢኤን 12195) ለመንገድ ጉዞ የሚያስበው፣ ጭነቱ ወደ ፊት በክብደቱ 0.8፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ በ0.5 እንደሚገፋ ነው። የአንተ ጄኔሬተርና ፓምፕ በአንድ ላይ 180 ኪሎ ናቸው፤ ወደ ፊት የሚገፉት ወደ 144 ኪሎ ይሆናል። ብረት በብረት ላይ ሲቀመጥ ሰበቃው 0.2 ብቻ ነው ብንል 36 ኪሎውን ይይዛል። የቀረው 108 ኪሎ በግድግዳውና በማሰሪያው ላይ ይወድቃል። ከሥሩ የጎማ ምንጣፍ ብታነጥፍ ሰበቃው 0.6 ይደርሳል፤ ያኔ የሚቀረው 36 ኪሎ ነው። በርካሽ ብዙ የምታተርፈው እዚህ ላይ ነው።

የናይለን ገመዱን ተወው። ይሳሳባል፤ ቋጠሮ ያለበት ገመድ ደግሞ ጥንካሬው እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። መወጠሪያ ያለው ቀበቶ ግዛ፤ መለያው ላይ በዴካኒውተን የተጻፈውን ቁጥር በግምት እንደ ኪሎ ቁጠረው። በጭነቱ አናት ላይ አሳልፈህ የምታስር ከሆነ ቀበቶው ቀጥ ብሎ ይውረድ፤ ከወለሉ ጋር 30 ዲግሪ ብቻ ከሠራ ወደ ታች የሚጫነው በግማሹ ነው። የሐዲዱ ጥቅምም ይኸው ነው፤ መንጠቆውን እያንሸራተትክ ማዕዘኑን ታስተካክላለህ።

ማር ነጋዴዋ (ላስታ)፦
ወንድሜ፣ የቱቦው ጥያቄህ እንዳይረሳ። ጋቢናና ካሶኒ በአንድ ሻንሲ ላይ የተቀመጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መንገዱ ሲያንገጫግጭ አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ ይዞራል። ረጅም ነገር በሁለቱ ላይ ካሰርክ ወይ ማሰሪያው ይላላል ወይ ፖርቶ መጋላው ይነቀላል። የእኔ ፖርቶ መጋላ እንጨት ጭኜ ተነቅሏል፤ ያውም አስፋልት ላይ ሳልደርስ። የፊቱም የኋላውም መደገፊያ ከካሶኒው ላይ ይነሣ። ከኋላ ለሚተርፈው ቀይ ጨርቅ አስርበት።

ቤንዚኑን በውጭ በኩል አታንጠልጥል። 20 ሊትር ቤንዚን 15 ኪሎ ገደማ ነው፤ በኮረኮንች ላይ እየዘለለ መንጠቆውን ይጎነትለዋል፤ አልፎ የሚሄድ ባጃጅም ሊገጨው ይችላል። ካሶኒው ውስጥ ጥግ ላይ አቁመህ እሰረው። ስትሞላ ደግሞ መሬት አውርደህ ሙላ፤ ፕላስቲክ የለበሰ ካሶኒ ላይ እንዳለ መሙላት በኤሌክትሪክ ብልጭታ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። አካፋና ክሪክ ግን ያለ ሐሳብ ሐዲዱ ላይ ይታሰራሉ።

ፓምፕ ጠጋኙ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ጄኔሬተሩን ለማውረድ እንዲመቸኝ ከኋላ በኩል ነበር የማስቀምጠው። ለካ ከፊቱ አንድ ሜትር የሚጠጋ መንደርደሪያ ሰጥቼዋለሁ። አሁን ወደ ፊት ካስጠጋሁት ግን ለብቻዬ ማውረድ አልችልም፤ ምን ላድርግ?

ኤንትሬ፦
ከሥሩ ሳንቃ አድርግና ሳንቃውን ሳበው። ሳንቃው ላይ እጀታ አብጅለት። ሲጫን ግን ሳንቃው ራሱ ይታሰር፤ አለዚያ ለጄኔሬተሩ ሠረገላ ሠራህለት ማለት ነው።

ቀያሽ፦
ሳንቃው ከሥሩም ከላዩም ጎማ ይኑረው። ስትስበው ይከብድሃል፤ የሚፈለገውም መክበዱ ነው። እንዲሁም የመኪናዋን የመጫን አቅም ከሊብሬው ላይ ተመልከት። አራት ሰው ተሳፍሮ ሐዲዱ፣ የቱቦ መደገፊያውና ጭነቱ ሲደመሩ ሳይታወቅህ ታልፈዋለህ።

ፓምፕ ጠጋኙ (ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ)፦
የሠራሁትን ልንገራችሁ። ሐዲዶቹ በየጎናቸው በአምስት ቡሎን ታስረዋል፤ ከጀርባ ብረት፣ በመካከል ጎማ ገብቷል። በትራፓኖ ስበሳ ከቤንዚን ቱቦው ሁለት ጣት ያህል ርቄ ነበር፤ ቀድሜ ባልዳስስ ኖሮ ጉድ ሆኜ ነበር። ጄኔሬተሩ ከግድግዳው ጋር በሳንቃ ላይ ተቀምጦ በሁለት ቀበቶ ተይዟል። ሐረጎን ሁለት ጊዜ ወርጄ አልተነቃነቀም። ወደ ጊራና በገባሁ በሦስተኛው ቀን ግን ከቡሎኖቹ ሁለቱ ላልተው አገኘኋቸው፤ ዳዶዎቹን ውስጣቸው ናይለን ባለው ቀይሬ አጠበቅኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ በየማለዳው በመፍቻ እነካቸዋለሁ። የቱቦው መደገፊያ ገና አልተሠራም፤ ቱቦ ሲኖር በሌላ መኪና እልካለሁ።

መስታወቱም ገና ነው፤ በላስቲክ ሸፍኜ እየነዳሁ ነው፤ የደሴ ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። የሃይሉክስ የኋላ መስታወት፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያየ ሰው ይጠቁመኝ።