ልጄ ለስቴት አላለፈችም፣ ግን ቃጭል ልትደውል ሦስት ሰዓት ልትጓዝ ነው። ልፍቀድላት?

ናይት ሺፍት ጠየቀች፦

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። የምጽፈው ከሚኒያፖሊስ ነው። ከናይት ገና መውጣቴ ስለሆነ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ዘንድሮ ኅዳር ላይ ማንንም ሳታማክር የትምህርት ቤቷ ኖርዲክ ስኪ ቡድን ውስጥ ተመዘገበች። ስኪ ስትለኝ ከተራራ ቁልቁል የሚወረወሩበት መስሎኝ ክው አልኩ። ለካ ይሄኛው ሌላ ነው። ዳገቱንም ሜዳውንም በገዛ እግርና ክንድ ነው የሚወጡት። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። «ታዲያ ሩጫ ነዋ» አልኳት። «ሩጫ ነው፣ ግን እየተንሸራተቱ» አለችኝ። ቡድኑ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። ስኪውንም አዋሷት።

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻ ውድድሯ ነበር። ከዋናው ቡድን ጋር ሳይሆን ከጀማሪዎቹ ጋር፣ ጄቪ የሚሉት። ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። አምስት ኪሎ ሜትር፣ ክላሲክ የሚሉት፣ ሁለቱን ስኪ ጎን ለጎን አድርገው እንደ እርምጃ የሚሄዱበት። ዳገቱ ላይ ስኪው ወደኋላ እያንሸራተተ አስቸገራት። አንድ እርምጃ ትወጣለች፣ ግማሹን ትመለሳለች። ሰው ሁሉ አለፋት። ከሷ በፊት የገባችው ልጅ ጃኬቷን ለብሳ ትኩስ ቸኮሌቷን ጨርሳ ነበር፣ የኔዋ ገና ዛፎቹ መሀል ናት።

ከዚያ የመጨረሻው ዳገት ላይ ብቅ አለች። ቡድኑ በሙሉ፣ ሠላሳ የሚሆን ልጅ፣ ግራና ቀኝ ቆሞ ቃጭል መደወል ጀመረ። የእውነት ቃጭል፣ ከብት አንገት ላይ የሚንጠለጠለው። ፊታቸውን ብልጭልጭ ተቀብተዋል። ስሟን እየጠሩ ይጮኻሉ። አንዱማ ሙዝ የሚመስል ልብስ ለብሶ ከጎኗ ይሮጣል! የሚያላግጡባት መሰለኝ። ቆሽቴ አረረ። ያንን ሙዝ ልይዘው ስራመድ፣ አጠገቤ የቆመች ፈረንጅ እናት እንባዋን ስትጠርግ አየኋት። የሷ ልጅ አይደለችም እኮ የምትሮጠው። እዚያው ቀረሁ።

ልጄ መስመሩን አልፋ በረዶው ላይ በጀርባዋ ተዘረረች። ስኪዋን ከእግሯ የፈታላት ያው ሙዙ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ከቡድኑ ጥቂቶቹ ለስቴት፣ ማለት ለሚኒሶታ ትምህርት ቤቶች ሻምፒዮና፣ አልፈዋል። ውድድሩ ቢዋቢክ አጠገብ፣ ጃይንትስ ሪጅ ነው፤ ከኛ ከሦስት ሰዓት በላይ ወደ ሰሜን። ያላለፉትም በአውቶቡስ ሄደው ሊደግፉ ነው። ሁለት ቀን ትምህርት ይቀራል፣ መሀሉ ላይ የአልጀብራ ፈተና አለ። አባቷ «ሙሽራ አይደለች፣ ሚዜ አይደለች፣ ምን ልትሆን ነው የምትሄደው?» ይላል። እሷ በር ዘግታ ታለቅሳለች። እናንተ ብትሆኑ ትፈቅዱ ነበር?

ደግሞ የመዝጊያ እራት አለባቸው። ቤተሰብ ሁሉ ምግብ ይዞ ይምጣ ብለዋል። ምን ልውሰድ?

---

ዋክስ ቀቢው መለሰ፦

እህቴ፣ ልጄ አራት ዓመት እዚሁ ሚኒሶታ ተወዳድሯል፤ አሁን ኮሌጅ ነው። በመጀመሪያው ውድድር እኔም እንዳንቺ ሰው ልመታ ነበር።

ቃጭሉ ስድብ አይደለም። ከአልፕስ ተራሮች፣ ከከብት አርቢዎቹ አገር የመጣ ነው። የስኪ ተመልካች ወፍራም ጓንት ስላጠለቀ ቢያጨበጭብ አይሰማም፤ ስለዚህ ይደውላል። ለአንደኛዋም ለመጨረሻዋም ያው ነው። እንዲያውም ለመጨረሻዋ ይብሳል፣ ምክንያቱም የቀረው ሰው ሁሉ ጨርሶ እጁ ባዶ ነው።

አሁን ስለ መንሸራተቱ ልንገርሽ፤ ልጅሽ ሰነፍ እንዳይመስልሽ። ክላሲክ ስኪ መሀሉ፣ እግር የሚያርፍበት ቦታ፣ የሚይዝ ዋክስ፣ ማለት ሰም፣ ይቀባል። ስትረግጪው በረዶውን ነክሶ ወደፊት ይገፋሻል፤ ስትለቂው ይንሸራተታል። ዋክሱ እንደ ሙቀቱ ይለያያል። ለከባድ ብርድ አረንጓዴ፣ ለመካከለኛው ሰማያዊ፣ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሐምራዊና ቀይ። ጠዋት ሰማያዊ ቀብተሽ ፀሐይ ከወጣች አለቀልሽ፤ አይነክስም። በጣም የሚያጣብቀውን ከቀባሽ ደግሞ በረዶው ከስር ተጋግሮ፣ ሐምሌ ላይ ጭቃ የያዘ ጫማ ይሆንብሻል።

ይሄን የማውቀው በሰው ልጆች ላይ ተምሬ ነው። በሁለተኛው ዓመት ልርዳ ብዬ ዋክስ ክፍል ገባሁ። ካውያ ይዤ፣ ለሁለቱ ጫፎች ብቻ የሚሆነውን የሚያንሸራትት ዋክስ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ መሀሉንም ጭምር፣ አሳምሬ ቀባሁት። የስድስት ልጆች ስኪ! ስድስቱም ዳገቱ ላይ እንደ አሳ ሲሙለጨለጩ ዋሉ። የምገባበት ጉድጓድ ጠፋኝ። ማታ አውቶቡስ ላይ ልጆቹ በዋክስ ሳጥን ክዳን ላይ ስሜን ጽፈው «የዓመቱ ምርጥ ቀቢ» ብለው ሸለሙኝ። ክዳኑ እስከ ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ተሰቅሏል።

ለባልሽ ደግሞ ይሄን ንገሪው። አቴንስ 2004፣ አሥር ሺህ ሜትር። ቀነኒሳና ስለሺ እየመሩ ወደኋላ እየዞሩ ኃይሌን ሲፈልጉት ያላየ ሐበሻ አለ? እግሩን ታሞ ነበር። ፍጥነት ቀንሰው ጠበቁት። አልሆነለትም፣ አምስተኛ ወጣ፤ እነሱ ወርቁንና ብሩን ወሰዱ። ያን ቀን ማናችንም «ምን አገባቸው» አላልንም።

ትሂድ። አልጀብራውን ቀድማ ትፈተን።

---

የአራት ኪሎ ልጅ መለሰ፦

እኔ ልቃወም። ወገኖቼ፣ እኛ እኮ ከብርድ ሸሽተን መኪና ቤት ውስጥ ሆነን በሪሞት የምናስነሳ ሕዝብ ነን። ልጅቷ ሳንባና እግር ካላት ሩጫ ትግባ። አሯሯጡ በደማችን አለ። በረዶ ላይ መጨረሻ ከመውጣት ትራክ ላይ መሀል መውጣት ይሻላል። ሁለት ቀን ትምህርት አስቀርቶ ለጭብጨባ መሄድ ደግሞ ለኔ አልገባኝም። ፈረንጅ ሁሉን ነገር ሽርሽር ያደርገዋል።

---

ዋክስ ቀቢው መለሰ፦

ወንድሜ የአራት ኪሎ ልጅ፣ ሩጫው የትም አይሄድም። ግማሹ የስኪ ቡድን በመከር አገር አቋራጭ የሚሮጥ ነው።

ስኪ በደማችን የለም ማለትህ ከሆነ ግን ሮቤል ተክለማርያም አለልህ። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ። ቶሪኖ 2006 ላይ 15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ ተወዳደረ። በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን የወከለ የመጀመሪያው ሰው ነው። 83ኛ ወጣ። ባንዲራውን ይዞ የገባው ግን እሱ ነው።

ስለ ቶሪኖ ካነሳሁ አይቀር፣ የምወዳትን ልጨምር። እዚያው ጨዋታ ላይ፣ የሴቶች ቡድን ስፕሪንት፣ የካናዳዋ ሳራ ሬነር ፖሏ ተሰበረ። ፖል የሚሉት በእጅ የሚይዙትን ዱላ ነው፤ ያለ እሱ ግማሽ ሰው ነሽ። መንገድ ዳር የቆመው የኖርዌይ አሰልጣኝ ዘርግቶ ሌላ ሰጣት። የተፎካካሪ አገር አሰልጣኝ! ካናዳ ብር አገኘች። ኖርዌይ? አራተኛ። ካናዳውያን በኋላ በቶን የሚቆጠር ሜፕል ሲረፕ፣ ከዛፍ የሚቀዳውን ጣፋጭ፣ ኖርዌይ ድረስ ላኩለት። እዚህ በልጆቹ ውድድርም የዚህ ዓይነቱን ሁለቴ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሲረፕ የላከ ግን የለም።

---

የኋላ ወንበር መለሰች፦

እኔ እዚህ የተወለድኩ ነኝ። አማርኛዬን እማዬ አርማልኛለች፣ ስህተት ካለ የሷ ነው። ስድስት ዓመት ስኪ ሠርቻለሁ፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ።

እናትየው፣ አንድ እውነት ልንገርዎት። ቃጭል ሁሉ ፍቅር አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ለኔም ይደውሉልኝ ነበር። ዳገት ላይ ስሜን ይጠሩታል፣ ያውም አበላሽተው፤ አውቶቡስ ውስጥ ግን ከጎኔ የሚቀመጥ አልነበረም። ቡድኑ ውስጥ ጥቁር እኔ ብቻ ነበርኩ። ክፉ አልነበሩም። ከሕፃንነታቸው አብረው ያደጉ ስለሆኑ ወንበሩ ሁሉ ባለቤት ነበረው።

የተቀየረው ስቴት ስንሄድ ነው። እኔ አላለፍኩም፣ እንደ እርስዎ ልጅ ለመደገፍ ነው የሄድኩት። በመንገድ ካፒቴናችን፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የነበረች፣ ተነስታ መጣችና «ጠጋ በይ» አለችኝ። ፀጉሬን ልትሠራው ፈለገች። የቡድኑ ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ሹሩባ ካልተሠራን ትላለች። እሷ የምትችለው አንድ ወፍራም ጉንጉን ብቻ ነው። ሳቄ መጣ። «አንቺ ቁጭ በይ» አልኳትና እኔ ሠራኋት። ከዚያ ሌላዋ መጣች። ከዚያ ሌላ። ቢዋቢክ ስንደርስ ጣቶቼ አይታጠፉም ነበር፤ ዘጠኝ ልጅ ሠርቻለሁ። በማግስቱ እነዚያ ሹሩባዎች በውድድሩ ኮፍያ ስር ወጥተው ሲወዛወዙ አየሁና ጮኼ ድምፄ ተዘጋ።

ስለዚህ ለውድድሩ ሳይሆን ለአውቶቡሱ ይላኳት።

ብልጭልጩ ደግሞ የጄሲ ዲጊንስ ነው። የዚሁ የሚኒሶታ፣ የአፍተን ልጅ ናት። በ2018 ከኪካን ራንዳል ጋር ሆና ለአሜሪካ በክሮስ ካንትሪ ስኪ፣ ልጅዎ በምትሠራው ዓይነት፣ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው እሷ ናት። ፊቷን ብልጭልጭ ተቀብታ ነበር የምትወዳደረው፣ ስለዚህ የዚህ አገር ሕፃን ሁሉ ይቀባል። የካቲት 2024 የስኪ የዓለም ዋንጫው እዚሁ ሚኒያፖሊስ፣ ቴዎዶር ዊርዝ ፓርክ መጥቶ ነበር። ያን ዓመት በረዶ ጠፍቶ በማሽን የተሠራ ነው የተነጠፈው። በ10 ኪሎ ሜትሩ ጄሲ ሦስተኛ ወጣች፣ ከወንዶቹ የአላስካው ጋስ ሹማከር አሸነፈ። የሰዉ ብዛት! ጄሲ መስመሩን ካለፈች በኋላ በረዶው ላይ ትዘረር ነበር፣ ሁልጊዜ። ልጅዎ በጀርባዋ የወደቀችው ደካማ ሆና አይደለም። ያላትን ጨርሳ ነው።

ለእራቱ ምስር ሳምቡሳ ይውሰዱ። እማዬ አንድ ዓመት ዶሮ ወጥ ወስዳ ማንም እንቁላሉን ለመንካት አልደፈረም፣ ዙሪያውን ቆመው አዩት። ሳምቡሳ ግን ማስረዳት አያስፈልገውም፣ ይበላል። ጾምም ቢሆን ይሆንልዎታል።

---

ናይት ሺፍት መለሰች፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የቆየሁት ሁለት ሳምንት ድርብ ሺፍት ይዤ ስለነበር ነው።

ሄደች። አልጀብራውን ማክሰኞ ቀድማ ተፈተነች፤ ሰባ ሁለት አገኘች፣ እሱን ሌላ ቀን እንነጋገራለን። አባቷ ጠዋት አስራ አንድ ሰዓት ተነስቶ አውቶቡሱ ድረስ አደረሳት። ምንም አልተናገረም። መኪና ውስጥ ግን አቴንስን በስልኩ ከፍቶ አሳያት አለችኝ፣ እስከ መጨረሻው ዙር።

ሐሙስ ማታ ስትመለስ ድምፅ የላትም። በእጅ ነበር የምታወራን። ፊቷ ላይ ያለው ብልጭልጭ እስከ እሁድ አልለቀቀም፤ ቅዳሴ ላይ ቄሱ አንዴ አይተዋት ደግመው አዩዋት። ቡድናቸው ምን ውጤት አመጣ ብላት ትከሻዋን ነቀነቀች። የነገረችኝ ሌላ ነው። ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣች ልጅ ዳገቱ ላይ ወድቃ ፖሏ ተሰበረ፣ ልጄ አጥሩ አጠገብ ስለነበረች ይዛው የነበረውን የቡድናቸውን ትርፍ ፖል ወረወረችላት። አሰልጣኛቸው ተቆጣ ወይ አልኳት። አቀፈኝ አለች። ዋክስ ቀቢው፣ ያንተን የካናዳ ታሪክ ሳነብላት ዓይኗ ፈጠጠ። አሁን ሲረፕ እየጠበቀች ነው።

እራቱ ላይ ሰማንያ ሳምቡሳ ወሰድኩ። በሃያ ደቂቃ አለቀ። ያ ሙዝ ብቻውን ስድስት በላ፤ ያለ ሙዝ ልብሱ አላወቅኩትም፣ ራሱ መጥቶ ነው የነገረኝ። የዚያን ዕለት ልመታው እንደነበር አልነገርኩትም።

የአራት ኪሎ ልጅ፣ አትቀየመን። በመከር አገር አቋራጭ እሮጣለሁ ብላለች።

አንድ የቀረኝ። በሚቀጥለው ዓመት የራሴ ስኪ ይኑረኝ እያለች ነው። አዲሱን ዋጋ አይቼ ስልኩን ዘጋሁት። ልጁ አድጎበት ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠ ክላሲክ ስኪና የስኪ ጫማ ያለው ሰው አለ? የጫማዋ ቁጥር በአውሮፓ 39 ነው። ቃጭል አንፈልግም፣ አምጥታለች።